ፍሬውን ተይውና ጥሬውን ጠይቂኝ

«ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። ጉራማይሌ የምንላት የሦስት ዓመት ድመት አለችን። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ለሠርግ በመጣ ጓደኛው እጅ ሁለት ከረጢት የድመት ምግብ ላከልኝ። ጥሬ የዶሮ ሥጋ በቅዝቃዜ እንዲደርቅ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው አለኝ፤ ፍሪጅ አያስፈልገውም። ጀርባውን ሳነበው ከዶሮው፣ ከጉበቱና ከልቡ ቀጥሎ ዱባ፣ ፖም፣ ብሉቤሪና ክራንቤሪ ይላል። ወይን የበላ ድመት ኩላሊቱ ይበላሻል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ደነገጥኩ። እናቴ ደግሞ ‹ድመት ፍሬ ስትለቅም ማን አይቶ ያውቃል› እያለች ትስቅብኛለች። ፍሬው ይጎዳታል? ለቅሜ ላውጣው? የሚጠቅማት ከሆነስ ከገበያችን ፓፓያና ብርቱካን ልጨምርላት? እስካሁን የምትበላው የኛኑ ትራፊ፣ ወጥ የነካ እንጀራ ነበር። አዲሱን ምግብ የምትሰጣት እህቴ ናት፤ አምስት ወር ነፍሰ ጡር ስለሆነች ቤት ነው የምትውለው፣ ከጉራማይሌ ጋር በጣም ተላምደዋል።»

አብሽሪ ልጄ። በከረጢቱ ጀርባ ያነበብሻቸው ፍሬዎች ጉራማይሌን አይገድሏትም። ለቅመሽም አታወጫቸውም፤ ከሥጋው ጋር ተፈጭተው ተዋህደዋል፣ ልልቀም ብትይ በርበሬን ከወጥ እንደ መለየት ነው የሚሆንብሽ። ደብዳቤሽን ደግሜ ያነበብኩት ግን ለፍሬው ብዬ አይደለም። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻቸው ሁለት ነገሮች ናቸው እንቅልፍ የነሱኝ፤ አንዱ ወጥ የነካው እንጀራ፣ ሌላው ነፍሰ ጡሯ እህትሽ። እመለስባቸዋለሁ፤ መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ።

እናትሽ ልክ ናቸው። ድመት የሥጋ እንስሳ ናት፤ ሌላውን ሁሉ ብታጣ ትኖራለች፣ ሥጋ ካጣች ግን ትታመማለች። ጣፋጭ እንኳን አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዎች የድመትን ዘረመል ሲያዩ፣ የጣፋጭን ጣዕም ለመለየት ከሚያስፈልጉት ሁለት ጂኖች አንዱ የማይሠራ ሆኖ አገኙት። ማር ብታቀርቢላት ለእሷ የሚያጣብቅ ውሃ ነው። ቫይታሚን ሲን ጉበቷ ራሱ ይሠራላታል፤ እኛ ብርቱካን የምንልጥለትን ነገር እሷ ከሆዷ ታገኘዋለች። ከካሮትና ከዱባ ቢጫ ቀለም ቫይታሚን ኤ ማውጣትም አትችልም፣ የተዘጋጀውን ከጉበት ነው የምትወስደው።

ታዲያ ፍሬው ለምን ገባ? ዱባው አንጀት እንዲያለሰልስ፣ ክራንቤሪው ለሽንት ቧንቧ ይበጃል ስለሚባል፣ ብሉቤሪው ደግሞ ሕዋስን ከእርጅና ይጠብቃል ስለሚባል ነው። የሁሉም መጠን ትንሽ ነው። በአሜሪካ ሕግ የምግቡ ይዘት የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ መጀመሪያ የተጻፈው ብዙው፣ መጨረሻ የተጻፈው ጥቂቱ ነው። አንቺ ያነበብሽው ከዶሮ ተነስቶ በክራንቤሪ አለቀ፤ ደህና አሰላለፍ ነው። ተገልብጦ ፍሬው ከሥጋው ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ወንድምሽን ገንዘብህን ለምን ጣልክ ብዬ እቆጣው ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከረጢቱን የምትገዛው ድመቷ አይደለችም፣ ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ የፖምና የብሉቤሪ ሥዕል ሲያይ ጤና ያየ ይመስለዋል።

ስለ ክራንቤሪ አንድ ነገር ልጨምር። ለሽንት ይበጃል የሚለው ወሬ ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል። በተለይ ወንድ ድመት ያለው አንባቢ ይህን ካነበበ፣ ድመቱ ለመሽናት ደጋግሞ እየተቀመጠ ጠብታ ካልወጣው ክራንቤሪ አይፈልግለት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሩጥ። ሽንቱ የተዘጋበት ድመት በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ፖምን በተመለከተ ሥጋው ምንም አይደለም። ነገር ያለው ፍሬው ውስጥ ባለችው ዘር ነው፤ የፖም ዘርና የኮክ አስኳል ሲደቅቁ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ የሚለቅ ነገር አላቸው። አንድ ሁለት ዘር ሳይፈጭ ቢዋጥ እንደገባ ይወጣል። ቤትሽ ኮክ ሲበላ ግን ድንጋዩን ለጉራማይሌ መጫወቻ አትስጫት፤ ከመርዙ በፊት አንጀቷን ይዘጋዋል።

ከገበያችን ልጨምርላት ወይ ላልሽው፣ አትጨምሪ። የበሰለ ፓፓያ በጥፍር ልክ ብትቀምስ አትሞትም፣ አትጠቀምምም። ብርቱካንና ሎሚ ግን ይቅሩ፤ ልጣጫቸው ላይ ያለው ዘይት ለድመት ጉበት ከባድ ነው፣ እሷም ሽታውን ሸሽታ ነው የምትሄደው። አቡካዶ ለወፍና ለፍየል ነው ይበልጥ የሚከፋው፤ ለድመት ስቡ ሆዷን ያውከዋል እንጂ እንደዚያ አይደለም። በክረምት የሚመጣው በለስ መርዝ የለውም፣ ግን ያችን ዓይን የማታያትን እሾኽ ከድመት ምላስ ላይ የማወጣው እኔ ስለምሆን እባክሽ።

ወይንና ዘቢብ ላይ የሰማሽው ልክ ነው፤ ከነዚህ ጋር ቀልድ የለም። ኩላሊት እንደሚያበላሹ በውሻ በደንብ ታውቋል። ተመራማሪዎች አሁን የሚጠረጥሩት ታርታሪክ አሲድ የሚባለውን ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ሁመር ውስጥም በብዛት አለ። በድመት የተመዘገበው ጥቂት ቢሆንም፣ የትኛው ድመት ስንት ፍሬ እንደሚችል አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ ሁላችንም ጨርሶ እንከለክላለን። ለቤተ ክርስቲያን የተገዛ ዘቢብ ጠረጴዛ ላይ አይደር። የረመዳን ተምር ከዘቢብ ጋር አይቆጠርም፤ ስኳሩና ድንጋዩ ነው ችግሩ። በከረጢትሽ ላይ ወይን ወይም ዘቢብ የሚል ቃል ካገኘሽ ግን ደግመሽ አታስቢ፣ ጣይው።

ከፍሬ ሳልወጣ ማርማላታና የታሸገ ጭማቂም ይነሱ። ብዙዎቹ እንዳይበላሹ ሶዲየም ቤንዞዌት ይገባባቸዋል። የድመት ጉበት እኛ በቀላሉ የምናስወግዳቸውን አንዳንድ ነገሮች ማስወገድ አይችልም፤ ቤንዞዌት አንዱ ነው፣ ፓራሲታሞል ሌላው። ለሰው የሚሰጥ አንድ ኪኒን ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። ክራንቤሪ ራሱ በተፈጥሮው ቤንዞይክ አሲድ አለው፤ ከረጢትሽ ውስጥ ያለችው ቁንጣሪ ግን ለጉራማይሌ ከቁጥር የምትገባ አይደለችም።

እንግዲህ ፍሬውን ጨረስኩ። ወደ ጥሬው ልሂድ።

ወንድምሽ የላከው ምግብ ሥጋው እሳት አላየም። በረዶ ተደርጎ፣ ከዚያ እርጥበቱ ተመጥጦ ነው የደረቀው። ብዙ ሰው «ደርቋል እኮ፣ እንደ ቋንጣ ነው» ይለኛል። የሚሻለው ምሳሌ ከሱቅ በፓኬት የምትገዢው የዳቦ እርሾ ነው። ደረቅ ነው፣ ዱቄት ይመስላል፣ መደርደሪያ ላይ ወራት ይቀመጣል፤ ለብ ያለ ውሃ ሲነካው ግን ነቅቶ ሊጡን ያፈላዋል። በቅዝቃዜ የደረቀ ሥጋ ላይ ያለ ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያም እንዲሁ ነው፤ ተኝቶ ይቆያል እንጂ አይሞትም። ውሃ ጠብ አድርገሽበት ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ሳህን ውስጥ ስታስቀምጪው ምን እንደሚሆን አንቺው አስቢው። እኔ ያለሁበት ደሴ ብርዱ ትንሽ ያግዛል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ከወረድሽ በኋላ ግን እሱም የለም።

ይህ የኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 ባደረገው ጥናት 196 ናሙና ጥሬ የእንስሳት ምግብ መርምሮ፣ በ15ቱ ሳልሞኔላ፣ በ32ቱ ደግሞ ሊስቴሪያ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ደግሞ በኦሪገን ግዛት ከቤት የማትወጣ ድመት በወፍ ጉንፋን ሞተች፤ ሲመረመር ቫይረሱ የመጣው ከምትበላው የቀዘቀዘ ጥሬ የተርኪ (ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ) ሥጋ ሆኖ ተገኘ፣ ምግቡም ከገበያ ተሰበሰበ። ከወር በኋላ ያው መሥሪያ ቤት ጥሬ የዶሮ ወይም የከብት ውጤት የሚጠቀሙ የድመትና የውሻ ምግብ አምራቾች ይህን በሽታ በጥንቃቄ ዕቅዳቸው ውስጥ እንዲያስገቡ አዘዘ። ልብ በይ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ብሉቤሪ አልተከሰሰም።

አንዳንድ ፋብሪካ ሥጋውን በከፍተኛ ግፊት ጨፍልቆ ተህዋስያኑን ለመግደል ይሞክራል፣ አንዳንዱ አይሞክርም። ከረጢቱ ላይ ተጽፎ ካገኘሽ ጥሩ፤ ቢኖርም ግን የምነግርሽን አይቀይረውም።

«እኛስ ጥሬ እንበላ የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። እንበላለን፤ ኮሶም እንጠጣ ነበር፣ ያለ ምክንያት አልነበረም። የእኛ ጥሬ ደግሞ በዚያው ጠዋት የታረደ በሬ ነው፣ ከሉካንዳ ወደ ሳህን። የከረጢቱ ዶሮ የታረደው መቼ እንደሆነ አናውቅም፣ በዚያ ላይ ዶሮን ጥሬ የሚበላ ወሎዬ እስካሁን አላየሁም።

ጤነኛ ድመት ሳልሞኔላን ሳትታመም ተሸክማ ልትዞር ትችላለች። የኔ ጭንቀት እህትሽ ናት። ምግቡን በእጇ ትፈረፍራለች፣ በውሃ ታርሳለች፣ ሳህኑን ከቤቱ ዕቃ ጋር ታጥባለች፣ ጉራማይሌ በልታ አፏን ሳትልስ ጭኗ ላይ ትወጣለች። ሊስቴሪያ ለነፍሰ ጡር ክፉ ነው፤ እናቲቱን በቀላል ትኩሳት አልፎ ፅንሱን ሊያስወርድ ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ምግብ እሷ አትንካው። ቅር እንዳይላት አስረጂያት፤ ጉራማይሌን ትዳብሳት፣ ታጫውታት፣ እጇን ትታጠብ። ማብላቱ ያንቺ ሥራ ይሁን።

ጎረቤት ደግሞ «ድመት ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ አውጧት» ማለቱ አይቀርም፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ሰምተው ነው። ነገሩ እውነትም ውሸትም አለበት። ድመት ይህን ጥገኛ የምታገኘው አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ በልታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሕይወቷ አንዴ፣ መጀመሪያ በያዛት ጊዜ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ያህል በዓይነ ምድሯ ታስወጣዋለች። የወጣውም ሰው ለመያዝ ከአንድ እስከ አምስት ቀን መቆየት አለበት። ስለዚህ አሸዋዋ በየቀኑ ከተጠረገ፣ የሚጠርገውም እህትሽ ካልሆነች፣ ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። ከድመቷ ይልቅ እህትሽን ሊይዛት የሚችለው በደንብ ያልታጠበ ሰላጣና ለብለብ ክትፎ ነው። እስክትወልድ ድረስ ሥጋዋ በደንብ ይብሰል። ለሐኪሟም ቤት ውስጥ ድመት እንዳለ ትንገራት።

መቼም ስለ ጥሬ ከተነሳ ለአረፋ በግ የሚያርዱ አንባቢዎቼን አንድ ነገር ልንካ፤ የድመት ጉዳይ አይደለም። ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ለውሻ አትወርውሩ። ውሻ እሱን በልቶ የሚያወጣው እንቁላል ሰው ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

አሁን ከረጢቱን ምን ታደርጊዋለሽ? መጣል የለብሽም፣ ከሩቅ የመጣ ነው። ቀኑን እዪው፤ አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ ያስቀድማሉ፣ 03/07 ካለ በነሱ አቆጣጠር ማርች ሰባት እንጂ ጁላይ ሦስት አይደለም። ማሸጊያው ካልተቀደደና ካልተነፋ፣ የዕለቱን ያህል በትንሽ ድስት ውሃ ጨምረሽ አፍይው፤ አንዴ ፈልቶ ጥቂት ይንተክተክ። ውሃውን አትድፊው። ድመት ታውሪን የሚባለውን፣ ከሥጋ የምታገኘውን ንጥረ ነገር ካጣች ልቧ ይዳከማል፣ ዓይኗም ይጠፋል፤ የልብ ሕመሙ ከዚህ እንደሚመጣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ታውሪን ደግሞ ሲቀቀል ወደ መረቁ ይወጣል፣ ስለዚህ ሥጋውን ከነመረቁ አቅርቢላት። አምራቹ «መብሰል የለበትም» ብሎ ጽፎ ሊሆን ይችላል። እሱ የሚሸጠው ጥሬነቱን ነው፤ እኔ ነፍሰ ጡር ያለችበትን ቤት ነው የማስበው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልበላችውን አንሺ፣ ሳህኗ ለብቻው ይሁን፣ በፈላ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። የተከፈተውን ከረጢት አየር በማያስገባ ዕቃ አኑሪው።

ከረጢቱ ሲያልቅ ምን ትበላለች? የሉካንዳ ልብ። ርካሽ ነው፣ ታውሪን የሞላበት ነው። ዶሮም ስትሠሩ በርበሬ ከመግባቱ በፊት ከነቆዳው ቁራጭ አስቀሪላት። ጉበት በሳምንት አንዴ፣ በትንሹ፤ ሲበዛ ቫይታሚን ኤው ይጎዳታል። ሁሉም ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ። ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ስለሚያንሰው ሙሉ ምግብ የሚል የታሸገ ደረቅ ምግብ ስታገኚ ከእሱ ጋር አዳብይው። ድመት አትጾምም፤ የወሎ ጥቅሙ ደግሞ በሁዳዴ የአንዱ ሥጋ ቤት ቢዘጋ የሌላው ክፍት መሆኑ ነው።

ያለ ሽንኩርት ያልኩት ሳይታወቀኝ ያመለጠኝ ቃል አይደለም፤ ወጥ የነካው እንጀራ ያልኩሽ እዚህ ነው። ከዓመታት በፊት ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ከሠርግ በኋላ አንድ ቤት ተጠራሁ። ከድግሱ ሦስተኛ ቀን ነበር። ድመቷ ጥግ ይዛ ተኝታለች፣ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፤ ከንፈሯን ገልጬ ድዷን ሳየው እንደ ወረቀት ነጥቷል። ሽንቷ ሻይ መስሏል። የቤቱ ባለቤት መርዝ ሰጥተዋት ነው እያለ ጎረቤቱን ይረግማል። ምን በላች ስል ልጆቹ ከድስቱ የተረፈውን ቁሌት ከእንጀራ ጋር ለሁለት ቀን እንደሰጧት ነገሩኝ። አላተረፍናትም። ጎረቤቱም ይቅርታ የተጠየቀ አይመስለኝም።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ቢበስሉም፣ ቢደርቁም፣ ዱቄት ቢሆኑም ያው ናቸው። በኪሎ ክብደቷ 5 ግራም ሽንኩርት ደሟን ለማበላሸት ይበቃል፤ አራት ኪሎ ለምትመዝን ድመት 20 ግራም ማለት ነው፣ የአንድ ትንሽ ሽንኩርት ግማሽ ቢሆን ነው። የኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት የሚገባበት ሳይሆን ከሽንኩርት የሚሠራ ነው። ምልክቱም ወዲያው አይታይም፣ ቀናት ይወስዳል፤ ለዚህ ነው ሰው ሁሉ በጎረቤቱ የሚያሳብበው። ጉራማይሌ ሦስት ዓመት የቆየችው ምናልባት እንጀራውን ትታ አይጧን እየበላች ይሆናል።

አሁኑኑ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ከንፈሯን ቀስ ብለሽ ገልጠሽ ድዷን እዪው። እንደ ሕፃን ጥፍር ሮዝ ከሆነ ደህና። ከነጣ ወይም ቢጫ ከመሰለ ቅርጫት ውስጥ አድርገሻት ሐረጎን ወጥተሽ ነይ፤ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፣ አሳያት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ካልወሰደች በዚያው ይወጋላት፤ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ነው።

ለወንድምሽም ደውይለት። ልቡ ጥሩ ነው፣ አታሳቅቂው። በሚቀጥለው ጊዜ የበሰለ፣ በቆርቆሮ የታሸገ፣ «ለአዋቂ ድመት የተሟላ» የሚል እንዲልክ ንገሪው። ፍሬ ቢኖርበትም ባይኖርበትም ግድ የለም።